የጋቢው ጫፍ

መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ነው ይባላል። ማን እንዳከፋፈለው አላውቅም፤ ሲከፋፈል አልነበርኩም። የእኔ ድርሻ ግን ከመጀመሪያውም ግልጽ ነበር፤ መልበስ። ጥጡ ከገበያ ይመጣል፣ ሚስት ትፈትላለች፣ ሸማኔው ይሸምናል፣ ባልየው ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከቤት ይወጣል። እናንተም ብትሆኑ ጋቢ ስትደርቡ ያ ሁሉ ክር በማን ጣት መሃል እንዳለፈ ጠይቃችሁ አታውቁም። አትፍሩ፣ አልወቅሳችሁም።

ባለቤቴ ድንቄ ከመቱ ወደ ሶር በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት መንደሮች ሁሉ በፈትሏ የታወቀች ነበረች። ክሯ ቀጭን ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት። እሷ ስትፈትል እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ዝናቡን አያለሁ። በእኛ አገር የሚታይ ዝናብ አይታጣም። እሷም ዝም፣ እኔም ዝም፤ እንዝርቷ ብቻ ይሽከረከራል። ያን ጊዜ ቤታችን ጸጥ ያለ ቤት ነው እል ነበር። ጸጥታ ምን እንደሆነ ያወቅሁት እንዝርቱ ከቆመ በኋላ ነው።

ድንቄ ያረፈችው የእኔን ጋቢ ፈትል ሳትጨርስ ነው። የጨረሰችውን ልቃቂት ሰብስቤ መቱ ገበያ አጠገብ ወደሚሠራው ሸማኔ ወደ መሰለ ወሰድኩት። በእጁ ከፍ ዝቅ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ድሩን ከሱቅ ገዝተን እንዘረጋለን፤ በእሷ ፈትል የምንሞላው ማግ ግን አያደርስም። የፋብሪካ ክር ልጨምርበት?»

«አይሆንም።»

«እንግዲያስ ጎረቤት ያስፈትሉ።»

«እሱም አይሆንም።»

«ታዲያ ጋቢው የአንገት ልብስ ሆኖ ሊቀር ነው?»

ጎሬ ከተማ ያገባችው ልጄ ጫልቱ ደግሞ በስልክ «አባባ፣ ብርድ ልብስ ልላክልህ» ትላለች። የበረደኝ መስሏታል።

ድንቄ ራሷ ነድፋ ያዘጋጀችው ባዘቶ እንደተጠቀለለ ቅርጫቱ ውስጥ ነበር። የሌላ ሰው እጅ እንዲገባበት አልፈለግሁም። ስለዚህ በሩን ዘጋሁና እንዝርቱን አነሳሁ።

ስንት እምቢተኛ በሬ ለቀንበር ያስገዛሁ ሰው ነኝ። ጥጥ ግን አልገዛልኝ አለ። ሲስቡት ይበጠሳል፤ ሲተዉት የበግ ላት ያክላል። ሰው ሲያንኳኳ እንዝርቱን ከአልጋ ሥር ወርውሬ በቁጣ «ማነው?» እላለሁ። አንዳንዴ ትንሽ ክር ደህና ስትወጣልኝ ላሳያት ዞር እላለሁ። ከዚያ መልሼ እዞራለሁ። ክረምቱ በዚህ አለፈ።

መሰለ ፈትሉን ሲያይ ዓይኑን ጠበብ አደረገ። «ይሄንንስ ማን ፈተለው?»

«ሰው።»

«ሰው መሆኑንማ እኔም ገምቼ ነበር» አለና ጋቢው መጨረሻ ላይ አስገባው።

የለበስኩት የድንቄ ሙት ዓመት ዕለት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ቤቴ ተሰብስቧል። ከድንቄ ጋር አብረው ሲፈትሉ የኖሩት እትዬ ብርቄ ጋቢውን እየዳሰሱ መጡ። መሃሉ ላይ ፈገግ አሉ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ያ ዋቅ! ምስኪን ድንቄ! ለካ እጇ እንዲህ ደክሞ ኖሯል!»

ሴቶቹ ጫፉን እየተቀባበሉ ከንፈር መጠጡ። አንዷማ «ዓይኗም ጠፍቶ ነበር ማለት ነው» አለች። የድንቄ እጅ እስከ መጨረሻው አልደከመም። በዚህ ምድር የቀራት ስም ፈትሏ ነው፤ እሱንም እኔ ላበላሽባት!

«እኔ ነኝ የፈተልኩት» አልኩ።

የእትዬ ብርቄ ዓይን እንባ አቀረረ።

«አይ የጫልቱ አባት! በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ‹ጎበዝ› ሲሏት አልሰማንም። ዛሬ ጉድለቷን ሊሸፍኑላት!»

አያችሁ? ዕድሜ ልኬን ጥቂት እየተናገርኩ የኖርኩት፣ የተናገርኩ ቀን ልታመን ብዬ ነበር።

ሌላ መንገድ አልነበረም። እንዝርቱን ከአልጋ ሥር አወጣሁና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መፍተል ጀመርኩ። ወንዶቹ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ክሩ አበጠ፣ ቀጠነ፣ አበጠ፣ ተበጠሰ። እትዬ ብርቄ ቁራጩን አንስተው ከጋቢው ጫፍ ጋር አስተያዩት።

«እውነትም የእርስዎ ነው» አሉ። «እንዲህ ያለውን ድንቄ ተኝታም አትፈትለው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሥራህ አይረባም ስባል ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰዉ ሲበተን እትዬ ብርቄ ደጃፉ ላይ ቆም አሉ። «ሲስቡት ግራ እጅዎን ላላ ያድርጉት። ድንቄ እንደዚያ ነበር የምታደርገው፤ መቼም አይተዋታል።»

አላየኋትም። ዝናቡን ነበር የማየው።

ጋቢው ይሞቃል። ሲበርደኝ ሻካራውን ጫፍ ወደ ታች፣ የእሷን ወደ አንገቴ አድርጌ እቀመጣለሁ። ዝናቡ አሁንም ይዘንባል፤ እኔ ግን በርጩማዬን ድንቄ ተቀምጣ ትፈትልበት ወደነበረው ቦታ አዙሬዋለሁ።