ብርሃን የለኩት አማቴ

እኛ የወደድነውን ነገር መሸፈን እንወዳለን። ካላመናችሁኝ ባሕር ዳር ውስጥ ወደ አንዱ ቤት ጎራ በሉ፤ ሶፋው ከመጣበት ፕላስቲክ ሳይወጣ አርጅቷል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ፍሪጁ ሳይቀር አናቱ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎለታል። ፍሪጅ ምን ይበርደዋል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወደ አራስ ልጅ ሲመጣማ አይነሳ! ከፀሐይ፣ ከንፋስ፣ ከሁሉም በላይ ከሰው ዓይን እናድናት ብለን እንጠቀልላታለን፣ እንጠቀልላታለን፤ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ልጅ አየሁ ብሎ የሚሄደው ጨርቅ አይቶ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁ ጊዜ እኔም እንዲሁ ጠቀለልኋት። በሦስተኛው ቀን ግን ፊቷም የዓይኗ ነጭም ቢጫ ሆነ፤ ጡት ሳትይዝ እንቅልፍ ይወስዳታል። ሆስፒታል ይዘናት ሮጥን። ሐኪሙ ከተረከዟ ደም አስወስዶ አየና፣ በደሟ ውስጥ ቢጫ ነገር ተጠራቅሟል፣ ብርሃን ያጥበዋል አለን። ብርሃን! ክኒን አይደለም፣ መርፌ አይደለም። ልብሷን አወለቁ፣ ዓይኗን ብቻ ሸፍነው፣ ጣና ጎህ ሲቀድ የሚለብሰውን የመሰለ ሰማያዊ መብራት ስር አስተኟት። እኔ ትምህርቴን ያቋረጥሁት ከዘጠነኛ ክፍል ነው። ብርሃን ቅጠል ውስጥ ገብቶ ምግብ እንደሚሠራ የባዮሎጂ መጽሐፉ ላይ አንብቤያለሁ፤ ሰው ውስጥ ገብቶ ደም እንደሚያጠራ የሚናገረው ገጽ ላይ ግን አልደረስሁም።

ሊያርሱኝ ከቁንዝላ የመጡት አማቴ ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ደነገጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ የነገዱ ሴት ናቸው፤ ጣታቸውን በሻሽ ላይ አንድ ጊዜ ካሳለፉ ስንት እጥበት እንደሚችል ይነግሯችኋል።

«ወላሂ፣ ስሟ እንኳ ያልወጣ ልጅ ራቁቷን ሜዳ ላይ!» አሉ።

ነርሷ ዞር ስትል ከቦርሳቸው ነጭ ሻሽ አወጡና፣ እጥፍ አድርገው ልጅቷ ላይ ጣል አደረጉት። ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ስስ ነው እኮ፣ ያሳልፋል። ለብርሃኑ መንገድ አለው፣ ለሰው ዓይን የለውም።»

የነርሷ ኮቴ ሲሰማ ሻሹ ይነሳል፤ ኮቴው ሲርቅ ይመለሳል። ምን ልበል? ጨርቅ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ደግሞስ ምራት በአማቷ ላይ ምን አፍ አላት?

በማግስቱ ደሟ ታየ፤ ቢጫው አልቀነሰም። መብራቱ ስር በገባች በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጭራሽ ጨመረ። ሐኪሙ ግንባሩን ቋጠረ። «እስከ ማታ ካልወረደ ደሟን መለወጣችን ነው፤ አእምሮዋን እንዳይጎዳው እፈራለሁ» አለ። ያቺ እፍኝ የማትሞላ ልጅ፣ ደሟ ወጥቶ የሌላ ሰው ደም ሊገባላት!

ምናልባት መብራቱ ደክሞ ይሆናል ተብሎ አንዲት ወጣት ተጠራች። ባዮሜዲካል ኢንጂነር ይሏታል፤ እናንተ የመሣሪያ ሐኪም በሏት። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ስልክ የሚያህል መለኪያ ከልጄ ጎን አስቀምጣ ብርሃኑን ለካች። አዎ፣ ብርሃን ይለካል! ጭንቀቴን አይታ ነው መሰለኝ እየሠራች ታጫውተኝ ጀመር፦ አንዷ ጓደኛዋ ከጣና ጭቃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት እያወጣች መድኃኒት ይሆኑ እንደሆን ትመረምራለች፤ ሌላው ከቆጋ ድንች ጫፍ ቅንጣት ቆርጦ ብርጭቆ ውስጥ ሙሉ ተክል ያበቅላል። እኔ በጣና ዳር ስኖር ጭቃውን ጭቃ ብቻ መስሎኝ!

«መብራቱ ምንም አልሆነም፤ ግራ ገባኝ» አለች መጨረሻ ላይ።

አማቴ ወደ መስኮቱ ዞረዋል። ሻሹ ጉልበታቸው ላይ ተጣጥፏል። ብናገር አማቴን በሰው ፊት ማሳፈር ነው፤ ዝም ብል ልጄ። ሻሹን ከጉልበታቸው አነሳሁና መለኪያው ላይ ዘረጋሁት።

ቁጥሩ ወደቀ።

ወጣቷ ሻሹን አየች፣ እኔን አየች፣ አማቴን አየች። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ አማቴን ወደ መብራቱ አስጠግታ መለኪያውን እጃቸው ላይ አኖረችው። «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩት።»

አማቴ ሻሹን ገለጡ፤ ቁጥሩ ወጣ። ሸፈኑት፤ ወረደ። ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱና እንደገና ሞከሩ፤ ያው ነው።

«ያ ረቢ፣ እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስለካ ኖሬ፣ ጨርቅ ብርሃን እንደሚሰርቅ አላውቅም!»

«ምን ያድርጉ፣ አልነገርንዎትም። ጥላም ይሰርቃል እኮ» አለች ወጣቷ።

ይህቺን ባትጨምር ይሻል ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አማቴ የመብራቱ ዘበኛ ሆኑ። ነርሷን «ዞር በይ፣ ጥላሽ አረፈባት!» ሐኪሙን «አንተ ልጅ፣ ከወዲያ ሆነህ እያት!» እኔማ ሳጠባት ትንሽ ከቆየሁ «በቃት፣ ብርሃኗ አመለጣት» እባላለሁ።

ማታ ደሟ ታየ፤ ወረደ። ብዙ አይደለም፣ ግን ወረደ። ደም መለወጡ ቀረ። ከሁለት ቀን በኋላ ልጄ ዓይኗን ገልጣ ስታየኝ ነጩ ነጭ ነበር። መድኃኒቱን ብፈልገው ቆዳዋ ላይ የለም፣ አልጋው ላይ የለም። የነካት ብርሃን ብቻ ነው።

ልንወጣ ጓዛችንን ስንሸክፍ ከመሸንቲ የመጡ አንዲት አያት አጠገባችን ገቡ። የልጅ ልጃቸው መብራት ስር ተኛ፤ ነርሷ ዞር ስትል ነጠላቸውን ጣል አደረጉበት። አማቴ ጓዛቸውን ጥለው ተንደረደሩ። ነጠላውን ገፈፉና ራቁቱን ልጅ ትኩር ብለው እያዩ፣ «ማሻአላህ! ተዉት፣ እንዲህ ይታይ!» አሉ።

አያትየው አማቴን ከእግር እስከ ራስ ገረመሟቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብለው በሹክሹክታ፣

«ልጄ፣ እኒህ ሴትዮ ዓይናቸው እንዴት ነው?» አሉኝ።

መከራከር ምን ያደርጋል? ባለ መለኪያዋን ልጠራ ወጣሁ።