የዙለይካ እንስራዎችና የህንድ ዘፈን

ሙዚቃ ከአራቱም ማዕዘን ካልመጣለት የሰማ የማይመስለው ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የናዝሬቱ፣ የኛው ጓድ አብዱልመናን ነው። የአሰብ መስመር ሾፌር ነው፤ ሌላው ከወደብ ጨርቅና ሳሙና ሲያመጣ እሱ የህንድ ፊልም ዘፈን በካሴት ያመጣል። መተሐራ ኬላ ላይ ፈታሹ ቅስቀሳ እንዳይሆን ብሎ ሁለቱንም ገጽ ካስከፈተው በኋላ፣ «ያቺን የምታለቅሰዋን ድገማት» ብሎታል አሉ።

እሱ ቤት ካሴት ዝም ብሎ አይሰማም፤ ሥርዓት አለው። ጫማህን ሳታወልቅ፣ «አቦ መሀል! መሀል ተቀመጥ!» ይልሃል። አንገትህን ዘንበል ካደረግክ ደግሞ፣ «ቀና በል፣ ድምፁ በአንድ ወገን ይፈሳል!»

እኔ ነገሪ፣ በሙያ ትምህርት ቤት የሰለጠንኩ ራዲዮ ጠጋኝ፣ በትዕግሥት አስረዳሁት።

«ቴፕህ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ነው። ከአንድ ቧንቧ በአራት ጣሳ ብትቀዳ ውሃው ያው ነው።»

«እሱን ተወውና ስፒከር ስጠኝ።»

ሳይንስ በዚሁ አበቃ። እኔው ከሞቱ ራዲዮኖች አራት ስፒከር ነቀልኩ፤ እኔው ሽቦ ዘረጋሁ፤ ይባስ ብዬ እኔው፣ «ድምፁ እንዲወፍር እንስራ አፍ ላይ ይገጠም» ብዬ መከርኩ። የባለቤቱ የዙለይካ እንስራዎች አራቱን ማዕዘን ያዙ።

እሑድ ቦኖው ላይ ውሃ መጣ። ሰፈሩ ሲሰለፍ እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ወለሉ መሀል ተቀምጠናል። ዙለይካ ከበሩ ቆመች።

«እንስራዎቼን!»

«ዙሌ፣ ይቺ ዘፈን ትለቅና...»

«ውሃው ይሄዳል! ሳምንቱን ሙሉ ዘፈን ልታጠጣኝ ነው? አንተስ ነገሪ፣ የተማርክ መስሎኝ ነበር!»

አብዱልመናን ተነሳ። የመጀመሪያውን ስፒከር ሲነቅል ፊቱ ልጁን ከጡት የሚነጥል ሰው መሰለ። ክፍሉም በአንድ ወገን ጎደለ፤ ወላሂ ጎደለ! ሊጎድል እንደማይችል በወረቀት ላይ ማስረዳት እችላለሁ።

«መልሰው» አልኩት። «ውሃውን እኔ እቀዳለሁ።»

ይኸው ዛሬም ቦኖው በተከፈተ ቁጥር ጀሪካኖቼን ይዤ ከሴቶቹ ጋር እሰለፋለሁ።

«ነገሪ፣ ሚስትህ ታመመች እንዴ?» ይሉኛል።

«ደህና ናት፤ ሥራ ላይ ነኝ።»

ከሰልፉ ላይ ሆነህ ዘፈኑን ስትሰማው፣ እንዳልኩት ነው፤ ያው አንድ ድምፅ። እኔ ግን ጀሪካኖቹን ሞልቼ እየሮጥኩ ነው ወደ ወለሉ መሀል የምመለሰው።