ቦራ የሚቀየርበት ሰዓት

የደከመን በጊዜው የማይቀይር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ከጅብ አብልጬ እፈራዋለሁ።

ጎረቤቴ ጥጋቡ ከእኔ ጋር ወረታ ከተማ ሻይ ቤት ገብቶ በቴሌቪዥን ራግቢ አየ። እነዚያ ግዙፎች በሞላላ ኳስ ሲላተሙ እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ፤ እሱ ግን አሠልጣኙን ወደደው። ለካ ሰውየው ጉልበተኞቹን ተቀያሪዎች እስከ ማብቂያው አቆይቶ ኖሯል ያስገባቸው!

በማግስቱ ቀበሌያችን ቁሐር ሚካኤል፣ የጥጋቡ ሩዝ ማሳ ላይ፣ በሬው ቦራ ከሌላ በሬ ጋር ተጠምዶ እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ያርሳል። ያረፈው በሬ ዳልቻ ዳር ላይ ሣር ይግጣል።

«ኧረ ጥጋቡ፣ ቦራ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ቀይረው!» አልኩ፣ እኔም እየተንቀጠቀጥኩ።

«ገና ነው አያ፣ እርስዎ ጨዋታ አያውቁም! ዳልቻ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው።»

ቦራ ተንበረከከ፤ አፍንጫው ውሃውን ነካ። እሱ ከሞተ እኮ የዚያ ቤት ልጆች ምን ሊበሉ ነው?

ይኼኔ ምሳ ይዛ የመጣችው ሚስቱ እናኑ ምሳውን ጥላ ጭቃው ውስጥ ገባች። ቦራን ከቀንበሩ ፈታች፤ ጅራፉንም ከባሏ እጅ ቀማች።

«በል ውጣ!» አለችው። «አንተም ተቀይረሃል!»

ጥጋቡ አንገቱን ደፍቶ ወጣና ከሚያለከልከው ቦራ ጎን ተቀመጠ። እኔም ጅራፉ ወደ እኔ እንዳይዞር ፈርቼ፣ ሦስተኛ ሆኜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።