ግራዋ በማር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ ትልልቆቹ። ይህን ተረት ያወጣው ሰው አወቱ መንደራ ኖሮ አያውቅም ብዬ እጠረጥራለሁ። እኛ ሰፈር ችግሩ የሚጀምረው በሽታን ሲናገሩት ነው። ራሴን አመመኝ ብላችሁ ከቤት ብትወጡ፣ ሱቅ ሳትደርሱ ዳማ ከሴ ይታዘዝላችኋል። ሱቁ ደጃፍ ላይ ዳማ ከሴው ይሻርና ነጭ ሽንኩርት ይተካል። ስትመለሱ ደግሞ ያቺ ሰላም የማትላችሁ ጎረቤት ሳትቀር በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ ጥቁር አዝሙድ ትጨምርበታለች። ወረፋ የለም፣ ካርድ የለም። እምቢ የማለት መብትም የለም።

ውፍረት ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነበር። እኛ ዘንድ ውፍረት ሙገሳ እንጂ በሽታ አይደለማ። «ተመችቶሻል» ይባላል፤ «አማረብሽ» ይባላል። «ምን ነካው?» የሚባለው የከሳ ሰው ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን አክስቴ ጽጌ የሰፈሩ ቁንጮ ነበረች። ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትሸጣለች። ከላይ ያለውን ጣቃ የማወርድላት እኔ ነኝ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ። የባጃጅ ሹፌሮች ሲያሳፍሯት «እማዬ፣ ባጃጇ እንዳታዘነብል መሃል ላይ ይቀመጡ» ይሏታል። እሷም እየሳቀች መሃል ትቀመጣለች፤ እኔ ጥግ ላይ እጣበቃለሁ።

ታዲያ ድካሙና ውሃ ጥሙ ሲበዛባት ጤና ጣቢያ ሄደች። ወጣቱ ሐኪም ደሟን አስመርምሮ ስኳሯ ድንበሩ ላይ መድረሱን ነገራት። ኢንሱሊን የሚባለው ነገር ስኳሩን ለማስገባት የሰውነትን በር ያንኳኳል፤ ውፍረቱ ስለበዛ ግን ሰውነቷ በሩን መክፈት ትቷል፤ ስለዚህ ስኳሩ ደሟ ውስጥ ይንከራተታል አላት። ክብደት እንድትቀንስ፣ በእግሯ እንድትሄድ፣ ጣፋጭ እንድትተው መከራት። ቀጠሮዋ እስኪደርስ ካልወረደ ግን ኪኒን ትጀምራለች። አክስቴ ከዚህ ሁሉ ምክር ይዛ የተመለሰችው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ኪኒኑን። ታላቅ ወንድሟ የስኳር ኪኒን በጀመረ በዓመቱ አርፏል፤ እሷ እንደምትለው የገደለው ስኳሩ ሳይሆን ኪኒኑ ነው። ኪኒን አንዴ ከተጀመረ የሚያስቆመው መቃብር ብቻ ነው ብላ ታምናለች። ያን ዕለት እራቷን ሳትነካ ተነሣች። እናቴ ሌላ ከተማ፣ አሰንዳቦ፣ ስለምትሠራ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እራት የተወችበትን ቀን አላስታውስም። ፈራሁ።

ወሬው ሲሰማ ጠያቂው ጎረፈ። በሽተኛ መቼም በባዶ እጅ አይጠየቅም። በስኳር የታመመችውን አክስቴን ሊጠይቁ የመጡት ስኳር፣ ለስላሳና ሙዝ አንጠልጥለው ነበር። መድኃኒቱም እንደዚያው ተከመረ፤ የሽፈራው ቅጠል ያለ አለ፣ አብሽ ያለ አለ፣ በመጨረሻ ግን ሁሉም በአንድ ሰው ተስማማ። ሰርቦ ከተማ የሚኖሩት አባ ፊጣ፣ ቅጠል አዋቂው ሽማግሌ።

አባ ፊጣ አክስቴን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ ደርቆ የተወቀጠ ግራዋ ሰጧት። ግራዋን ለማታውቁ፣ የጠላ ጋን የሚታጠብበት ቅጠል ነው። ጋን ምላስ ቢኖረው ይጮህ ነበር። ሕጉ ደግሞ ይህ ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ፣ የቅጠሉን ስም ለማንም ሳይናገሩ መጠጣት።

አክስቴ ሕጉን አንድ በአንድ ጠበቀች። ጠዋት ዓይኗን ጨፍና ትጨልጠዋለች፣ ፊቷ እንደ አሮጌ ጨርቅ ይጨማደዳል፣ ከዚያ አንድ ማንኪያ ማር ታስከትላለች። መራራ መድኃኒት በማር ነው የሚወርደው። ወጥ ውስጥ ጨው ይገባል ብሎ የሚያስተምር እንደሌለ ሁሉ፣ ይህንንም የሚናገረው የለም። ጫካው ቅርባችን ነውና ማር ሞልቶናል። ልጅ ሲያስለው ማር፣ ሲቆስል ማር፣ አራስ ስትደክም ማር። ማር ራሱ መድኃኒት ነው እንጂ ማን ከጣፋጭ ይቆጥረዋል? ከሳምንታት በኋላ አንዱ ማንኪያ ሁለት ሆነ። ሻይ ላይ ስኳር መተው አለብኝ ብላ እዚያም ማር ጨመረች። «ጣፋጭ እርም ብያለሁ» ትላለች፣ ማንኪያውን እየላሰች።

እኔ ይህን ሁሉ አያለሁ። ባዮሎጂ ክፍል ስለ ማር የተማርነውንም አውቃለሁ። ግን መልሱን እያወቅኩ እጄን የማላወጣ ተማሪ ነኝ፤ አስተማሪ ፊት ያልወጣ እጅ አክስቴ ፊት ከየት ይመጣል?

ቀጠሮው ደረሰ። ስኳሯ ጨምሯል። ሐኪሙ ግራ ገብቶት ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ስሙ አይነገርም ተብላለችና ዝም አለች። ለምናው አንድ ወር ጨመረላት። የመጨረሻ ነው አላት።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍረን ሰርቦ ሄድን፣ አባ ፊጣን ልትወቅስ። እሳቸው አልተቆጡም፤ ቁጭ ብለው ምርመራ ጀመሩ። ሳይጠጡ ከሰው ተነጋግረዋል? አልተነጋገረችም። የቅጠሉን ስም አውጥተዋል? ለሐኪም እንኳ አልነገረችም። ሲጠጡ ያየዎት ሰው አለ? አክስቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ይቺ ልጅ ዓይኗ እንዴት ነው?» አሉ አባ ፊጣ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል።

«ኧረ ምስኪን ናት። ቀና ብላ ሰው እንኳ አታይም።»

«የሚያስፈራውማ ቀና ብሎ የማያየው ነው፣ አዴ ጽጌ።»

በቃ፣ ቡዳ ልሆን ነው። ሰው ስሙን ሊቀማ ሲል ዓይን አፋርነቱም ይከዳዋል መሰለኝ፣ አፌ ራሱ ተከፈተ። «ማሩ ነው» አልኩ።

«ምን አልሽ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?» አሉ አባ ፊጣ።

«ግራዋውን በማር ነው የምትጠጣው። ሻይም በማር ነው። ማር ደግሞ ደም ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው።»

«ስኳር?» አለች አክስቴ። «ንቧ የምትኖረው ስኳር ፋብሪካ ነው እንዴ?»

አባ ፊጣ አልሳቁም። ጺማቸውን እያሻሹ ማሩ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቋት። አክስቴ መጀመሪያ ጣቷን አሳየች፤ ሲያዩዋት ጊዜ መዳፏን ዘረጋች፤ አሁንም ሲያዩዋት መዳፏን እንደ ጽዋ ጎድጎድ አደረገችው።

«ዋላሂ፣ ይህማ ቀፎ ነው» አሉ። «እስቲ ያለ ማር ይሞክሩት።»

«ያለ ማር እንዴት ይወርዳል?»

«ይውረድ አይውረድ፣ እናያለን።»

ያ ወር ቤታችን ውስጥ ምን እንደ ነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ማር ያልተከተለው ግራዋ ምላስ ላይ ድንኳን ተክሎ እስከ ቀትር አይነቀልም። ዳቦው ግራዋ ግራዋ ይላል፤ ሻዩ ግራዋ ይላል፤ ጠያቂ የሚያመጣው ሙዝ ሳይቀር። ስለዚህ ቁርስ ቀረ። ምሬቱን ለመርሳት ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረች፤ ቤቱ ሲጠባት ወደ ውጭ ወጣች፤ ኋላማ ሱቋ ድረስ በእግሯ እየሄደች፣ መንገዱን ሙሉ አባ ፊጣንም እኔንም ስትረግም ትደርሳለች። የባጃጅ ሹፌሮች ተቀየመችን ብለው ተጨነቁ።

ቀጠሮዋ ሲደርስ ስኳሯ ወርዷል። ክብደቷም። ሐኪሙ ኪኒኑ ለጊዜው ይቆይ አለ። አክስቴ ከደስታዋ ብዛት የቅጠሉን ስም ዘርግፋ ነገረችው፤ እሱም ቅጠል ሁሉ ደግ አይደለም፣ ሁለተኛ እንዳትደብቂኝ ብሎ ገሠጻት። ያወረደው በእግርሽ መሄድሽ ነው አላት። እሷ ደግሞ ግራዋው ነው ትላለች። እኔ የማርን ነገር ላነሣ ነበር፣ ግን ያን ዕለት እራት ላይ ስትስቅ ሳያት ተውኩት።

የዳነ ሰው አመስጋኝ ነውና፣ ጋቢ ገዝተን ወደ ሰርቦ ተመለስን። አባ ፊጣ ፊት አንድ ቦርጫም የቡና ነጋዴ ተቀምጧል። ግራዋውን ሰጡት፤ ሕጉንም ነገሩት። ባዶ ሆድ። ዝምታ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከሁሉ በላይ ማር አይነካም። ከቅድመ አያቴ የወረደ ሕግ ነው። የጣሰው አይድንም።»

«እውነት ነው፣ በእኔ ደርሷል» አለች አክስቴ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

ነጋዴው በፍርሃት ራሱን ነቀነቀ። አባ ፊጣ አንዴ አየት አደረጉኝና ቶሎ ፊታቸውን ወደ ጋቢው መለሱ። እኔም እንደ ልማዴ አንገቴን ደፋሁ። ምን ይባላል? በአሥራ ስድስት ዓመቴ የሰርቦ ሽማግሌ ቅድመ አያት ሆኜ ቁጭ አልኩ።