ካልተሰጠው ትምህርት የቀረችው ተማሪ

ዩኒቨርሲቲው ፍትሕ የማያጓድል፣ አቤቱታ የማይንቅ የተከበረ ተቋም መሆኑን ማንም አይክድም፤ የሚክድ ካለም በሦስት ኮፒ ማመልከት ይችላል። በዚያ ዓመት መምህራኑ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ የሥራ ማቆም አድማ መትተው ሲመለሱ፣ ከትምህርቱ ቀድሞ የተጀመረው የካሳ ኮሚቴ ማቋቋም ነበር። ወንበር ተገዛ፣ ማኅተም ተቀረጸ፣ ክቡር ሰብሳቢም ተሾሙ። የቀረው አንድ ተበዳይ ማግኘት ብቻ ነበር።

እሷም አልጠፋችም። የላብራቶሪ ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነች፤ ተከራክራ ስለማይደክማት ጓደኞቿ “ጠበቃዋ” ይሏታል። አንድ ሆስፒታል ሊቀጥራት ምርቃቷን እየጠበቀ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አድማው የበላው ደም መቅዳትና መመርመር በተግባር የሚለመድበትን ጊዜ ነው። ጠበቃዋ በዕድሜዋ መርፌ የያዘችው የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል ብቻ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ “ገንዘብ አልፈልግም። ያመለጠኝን የአሥራ አንድ ሳምንት ልምምድ ስጡኝ።”

ኮሚቴው ክው አለ። ገንዘብ ብትጠይቅ ኖሮ “በጀት የለም” የሚለው ደብዳቤ ተተይቦ ቀኑን መሙላት ብቻ ነበር የቀረው። ትምህርት የሚጠይቅ ተማሪ ግን በተቋሙ ታሪክ ገጥሞ አያውቅም። ተጠርታ ቀረበች።

“መምህር አልነበረም ነው የምትይው?” አሉ ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው።

“አልነበረም፣ ጌታዬ።”

“ነበረ! አድማው ሲቆም በተፈረመው ስምምነት መሠረት መምህራኑ በአድማው ወቅት በሥራ ገበታቸው ላይ እንደነበሩ ይቆጠራል። እኔም፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱም ፈርመንበታል።”

“ታዲያ እኔ ለምን አላየኋቸውም?”

“ስለቀረሽ ነዋ!”

ለምስክርነት የተጠሩት የክፍሉ ስም ጠሪ መዝገባቸውን አቅፈው ገቡ። እኚህ ሰው መምህር ስላልሆኑ አድማው አይመለከታቸውም፤ ሥራ አቁሙ ብሎ ደብዳቤ የጻፈላቸውም የለም። ስለዚህ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ በየማለዳው የላብራቶሪውን ክፍል ከፍተው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ለባዶ ወንበሮች ስም ሲጠሩ ኖረዋል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ዛሬ ከየት ይገኛል!

“አባባ፣ ክፍሉ ባዶ መሆኑን አላዩም?” አለች ጠበቃዋ።

“አየሁ እንጂ ልጄ። ለዚህ አይደል ሁላችሁንም ቀሪ ያልኳችሁ?”

“መምህሩስ?”

“የመምህር ስም መዝገቤ ላይ የለም። የሌለ ስም ደግሞ አልጠራም” አሉ ቅር ብሏቸው።

ነገሩ ጥርት ብሎ ወጣ። መምህሩ ተገኝቷል፤ ተማሪዋ ቀርታለች። አንድ የኮሚቴ አባል፣ መምህራኑ ለባዶ ወንበር ሲያስተምሩ የደረሰባቸውን የሞራል ጉዳት አስበው መሐረባቸውን አወጡ። ከተማሪዎቹ ካሳ የሚጠይቅ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ሐሳብም ቀርቦ ድጋፍ አገኘ።

ጠበቃዋ ጨሰች። “ጌታዬ፣ እኔ እኮ ደም መቅዳት አልችልም! ነገ የሰው ክንድ ይዤ ምን ይውጠኛል? የአንዱን ደም ለሌላው ብዬ ሰው ብገድልስ?”

ሰብሳቢው ልባቸው ራራ፤ እሳቸውም የልጆች አባት ናቸው። የሁለት ሰዓት ዝግ ስብሰባ ተደረገ፤ ሻይ ሦስት ጊዜ ገባ። በመጨረሻ ሁሉም ቆመው ውሳኔው ተነበበ፦ “ኮሚቴው ለመምህራን ያሳየውን ርኅራኄ ለተማሪዋም በመዘርጋት፣ እሷም እንደተገኘች እንዲቆጠር፣ ልምምዱንም በከፍተኛ ውጤት ማጠናቀቋን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በካሳ መልክ እንዲሰጣት በሙሉ ድምፅ ወስኗል።”

“እኔ የጠየቅኩት ልምምዱን ነው!”

“ልምምድማ በአሥራ አንድ ሳምንት ያልቃል፤ ምስክር ወረቀት ግን የዕድሜ ልክ ነው” አሉ ሰብሳቢው። ተጨበጨበ።

እናቷ ወረቀቱን ስታይ በደስታ አለቀሰች፤ ለፍሬም ሠሪም ልትወስደው ተነሳች።

“እማዬ፣ እኔ እኮ ምንም አላውቅም።”

“ዝም በይ! ጎረቤት ይሰማሻል።”

ተመርቃ ሆስፒታሉ ውስጥ ሥራ በጀመረችበት ሰኞ ጠበቃዋ ለላብራቶሪው ኃላፊ እውነቱን ዘርግፋ ነገረችው። ኃላፊው ምስክር ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ “‘በከፍተኛ ውጤት’ ይላል እኮ። ትሕትናሽን ወደድኩት” ብሎ ጋውን አለበሳት፤ መርፌና ጥጥ ፊቷ አስቀምጦም ወደ ስብሰባ ሄደ።

በዚያው ቀን የዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች እዚያው ሆስፒታል ዓመታዊ የጤና ምርመራ ነበራቸው። በሩ ተከፈተና ክቡር ሰብሳቢው ለአርአያነት ከፊት፣ ኮሚቴው በማዕረግ ቅደም ተከተል ከኋላ ሆነው ገቡ። ሰብሳቢው ተቀመጡ፣ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ፣ ክንዳቸውን ዘረጉ። ቀና ሲሉ ጠበቃዋን አዩ። መርፌውን በየት በኩል እንደሚያዝ እያገላበጠች ታያለች።

“ለመሆኑ . . . ይሄን ነገር ሠርተሽው ታውቂያለሽ?”

“ምስክር ወረቀቴ ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይንገሩኝ” አለች። ልታለቅስ ትንሽ ነው የቀራት።

ሰብሳቢው እጅጌያቸውን ቀስ ብለው መለሱ፤ ከኋላቸው ያሉትም አንድ በአንድ መለሱ። ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተአቅቦ የለም፤ ኮሚቴው እንዲህ ፈጥኖ ተስማምቶ አያውቅም።

“አይዞሽ ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም” አሉ ሰብሳቢው ኮታቸውን እየቆለፉ። “ኮሚቴው ሌላ ሆስፒታል ይመረመራል። አንቺ ሕዝቡን ማገልገልሽን ቀጥይ። ለሕዝቡ ምስክር ወረቀቱ በቂ ነው።”

በሩ ሥር አንዲት አዛውንት ክንዳቸውን አጋልጠው ተራ ይጠብቁ ነበር። ይህን ሁሉ ሰምተዋል። ጠበቃዋ “ቀጣይ” ለማለት አፏን ስትከፍት፣ አዛውንቷ እጅጌያቸውን መልሰው ከዘራቸውን አነሱ።

“ይቅርታ የኔ ልጅ፣ እኔም የኮሚቴው አባል ነኝ” አሉና ሰብሳቢውን ተከትለው ወጡ።