ለሳህኑ ሕመምተኛ የተላከ ሰላምታ

በሽታ ሰው አይመርጥም ይባላል። እሺ፣ ሰው አይምረጥ፤ ሥራ ግን አይቶ ቢገባ ምን ነበረበት? እጅ የሚያንቀጠቅጠው በሽታ ከበሮ መቺ ቢይዝ ማን ያውቅበታል? ወንፊት የሚነፋውንማ ጭራሽ ያግዘው ነበር። እሱ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ሰፈራችን ቀዳማይ ወያነ ድረስ መጥቶ ታላቅ ወንድሜን አያ ኪሮስን ያዘው። አያ ኪሮስ ጸጉር አስተካካይ ነው። ምላጭ ነው የሚይዘው።

ደንበኞቹ በአንድ ጊዜ ጺም ማሳደግ ወደዱ። አንዱማ፣ "ኪሮስ፣ ጉሮሮዬን ተውልኝ፤ ገና ልጅ አልዳርኩም" ብሎ ከነሳሙናው ተነስቶ ሄደ። ዓይደር ሆስፒታል ያየው ሐኪም ፓርኪንሰን ነው፣ ኪኒኑን በሰዓቱ ካልዋጥክ እጅህ አይታዘዝህም አለው። ወንድሜ ግን ዐቢይ ጾም ሲገባ ኪኒኑን አቆመ። ጸበሉ ይበቃኛል አለ። ጸበሉን እኔም አምናለሁ፤ የምቀዳለት እኔው ነኝ። የነፍስ አባታችን "መድኃኒት ጾም አያስፈታም" ብለው ተቆጡት። ማን ይስማ። ጸጉር ቤቱ ተዘጋ።

በዚህ መሃል ልጁ ለታይ ከምትማርበት ፈረንጅ አገር ለዕረፍት መጣች። የምታጠናው ይህንኑ የአባቷን በሽታ ነው። ሁላችንም ሻንጣዋን ሻንጣዋን አየን። ሲከፈት ቸኮሌት ነው። ያውም በጾም።

"ታዲያ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ፣ ጓለይ?" አላት አባቷ።

ከታመመ ሰው ትንሽ ቆዳ ይወስዳሉ አለችን። ያንን አባብለው ወደ ሕፃንነቱ ይመልሱታል፤ ገና ምን እንደሚሆን አልወሰነምና ስቴም ሴል ይሉታል። ከዚያ ትንሽ ሳህን ላይ የአንጎል ሕዋስ አድርገው ያሳድጉታል። በሰው አንጎል ገብቶ ማየት ስለማይቻል በሽታውን እዚያ ያዩታል፤ መድኃኒቱንም መጀመሪያ እሱ ላይ ይሞክራሉ። የእኔ ትምህርት ዳዊት ከመድገም አላለፈም፤ ቢሆንም ገባኝ። ዳቦውን ወደ ሊጥ መልሶ ሕምባሻ መጋገር ማለት ነው።

አያ ኪሮስ ግን፣ "ሳህኑ ላይ ያለው ሰውዬ በጾም መድኃኒት ይወስዳል?" አለ።

"ሰውዬ አይደለም፣ አቦይ። ሕዋስ ነው።"

"ይወስዳል ወይ?"

"ይወስዳል፣ በሰዓቱ። አምና በስቅለት ቀን ሳይቀር ሄጄ ሰጥቼዋለሁ።"

"የክርስትና ስሙ ማነው?"

መቼም ታውቃላችሁ፣ እኛ ጋ ለሰው የሚጸለየው በክርስትና ስሙ ነው። ለታይ ቆዳውን የሰጠው ሰው ስም ለእነሱም እንደማይነገር ነገረችው።

"ስሙን ደብቆ ቆዳውን ሰጠ?" አለ ወንድሜ። "ሳያውቀኝ መድኃኒቱን እሱ ቀድሞ እየቀመሰልኝ፣ እኔ ልኮራበት?"

ተነሳና ከትራሱ ስር ኪኒኑን አውጥቶ ዋጠ። የነፍስ አባታችን ያቃታቸውን አንድ ሳህን ቻለው።

ለታይ ከተመለሰች ወዲህ ስትደውል አባቷ የእሷን ደህንነት መጠየቅ ትቷል። "ሰውዬው እንዴት አደረ?" ነው። ባለፈው ድምፅዋ ቀዝቀዝ አለ፤ የሞከሩት መድኃኒት አልሠራም፣ ሕዋሶቹ እየሞቱ ነው። ወንድሜ ትንሽ አቀረቀረ።

"አይዞህ በይው" አላት። "ኪሮስ ዛሬ ጺም ላጨ ብለሽ ንገሪው።"

እውነቱን ነው። የላጨው የእኔን ነው። ጉንጬ ላይ ያለው ፕላስተር? እሱ የእኔ ጥፋት ነው፤ ደስ ብሎኝ ስስቅ የተነቃነቅኩት እኔ ነኝ።