የተባራሪው ዋስ

ትንንሽ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ይሠራሉ፤ ታላላቆቹ መመሪያ ያስፈጽማሉ። በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ የነበረው መሥሪያ ቤት ከታላላቆቹ ወገን መሆኑን ለመረዳት ሰሌዳውን ማየት ይበቃ ነበር። ስሙ ከርዝመቱ የተነሣ በአንድ ሰሌዳ ስላልተቻለ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቃላት በሌላ ሰሌዳ ተጽፈው ከመንገዱ ማዶ በቆመ ዋንዛ ላይ ተቸንክረዋል። ስሙን አንብቦ ለመጨረስ የሚሻ ዜጋ መንገድ መሻገር ነበረበት። ብዙዎች ግን በስሙ አጋማሽ ላይ እየተመለሱ ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር።

በ1973 ዓ.ም. የዚህ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጓድ አስማማው ነበሩ። ዕድሜያቸው ገና አርባ ያልሞላ፣ በማኅተም አያያዝ ግን ሰባ ዓመት የኖረ ሽማግሌ የማይደርስባቸው ሰው ናቸው። መመሪያ ሲወርድ አንድ ጊዜ ቆመው፣ አንድ ጊዜ ተቀምጠው ያነቡታል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ትርጉሙ የሚጠይቃቸውን ሰው በዝምታ ያርሙታል።

በዚያ ዓመት በጥቅምት የወረደው መመሪያ አጭርና ግልጽ ነበር። ያለ ፈቃድ በአካባቢው የተቀመጡ የውጭ አገር ዜጎች ተለይተው ከአገር ይውጡ፤ የተወሰደው እርምጃም በሠላሳ ቀን ውስጥ ሪፖርት ይደረግ። የጎረቤት አውራጃ ሰባት ሰው ለይቻለሁ ብሎ በሦስተኛው ቀን ቴሌግራም መታ። ጓድ አስማማው እንቅልፍ አጡ። ከተማቸው በዓሣ፣ በደንገልና በስብሰባ የታወቀች ስትሆን፣ በባዕድ በኩል ግን ከባድ እጥረት ነበረባት። በፋብሪካውና በኮሌጁ ያሉት ነጮች ከወዳጅ አገሮች የመጡ ናቸውና ወዳጅን ባዕድ ብሎ መመዝገብ የመስመር ስሕተት ይሆናል።

ኮሚቴው ሦስት ቀን ፈልጎ በመጨረሻ ጋሽ ሳልሕን አገኘ።

ሳልሕ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ከየመን በአጎቱ ትከሻ ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ አርባ አራት ዓመት ሙሉ በጣና ዳርቻ የጀልባ ሞተር፣ ፋኖስና ራዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ከወይዘሮ አገርነሽ ጋር በሰማንያ ከተጋቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ንግግሩ እንኳ ከከተማው ዳር ካለችው ከሰባታሚት ገበሬ ንግግር አይለይም። ያም ሆኖ ፈቃድ አልነበረውም። ወደዚህ ሲመጣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ገና አልመጣም ነበር።

ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ውሳኔው በድምፅ ማጉያ ለሕዝብ እንዲነበብም ወሰነ። የድምፅ ማጉያው ግን ከመስከረም ጀምሮ ከማጓራት በቀር ሌላ ድምፅ አያወጣም ነበር፤ በከተማው ውስጥ ደግሞ ይህን መሣሪያ የሚጠግን አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሳልሕ ተጠርቶ መጣ። ቢሮው ወለል ላይ ተንበርክኮ ማጉያውን ፈታ፤ ሽቦውን ጠርጎ፣ የላላውን አጥብቆ ገጠመው። ጓድ አስማማው ጊዜ የማያባክኑ ሰው ናቸውና መሞከሪያ የሚሆን ጽሑፍ ሌላ ሳይፈልጉ፣ በእጃቸው ያለውን አነበቡ። «ሳልሕ የተባለው የውጭ አገር ዜጋ በመመሪያው የሠላሳ ቀን ገደብ ውስጥ የአብዮታዊት ኢትዮጵያን ግዛት ለቆ እንዲወጣ ተወስኗል።»

ከዚያም ዝቅ ብለው፣ «ይሰማል?» አሉ።

ሳልሕ በካቻቢቴው አንዱን ብሎን ደግሞ አጠበቀ። «ይሰማል ጓድ። ሰባታሚት ድረስ ይሰማል።»

መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልሎ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀ። ወደ አገርህ ተባለ። «ከዘጠኝ ዓመቴ ወዲህ አላየሁትም። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይኖራችኋል?» አለ። ጥያቄው በቃለ ጉባኤው ላይ «ወደፊት የሚታይ» ተብሎ ተመዘገበ።

በማግስቱ ወይዘሮ አገርነሽ ሹም አቦ ሰፈር ወደሚኖሩት ጠበቃ፣ ወደ አቶ መርስዔ ኀዘን መሄዷን ጓድ አስማማው ሰሙ። ሽማግሌው በልጅነታቸው በደሴት ገዳም ፍትሐ ነገሥት የተማሩ፣ ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት በችሎት የቆሙ ናቸው። ጓድ አስማማው ይግባኙን ለመመከት ስድስት ገጽ መልስ አዘጋጁ፤ በመልሱም ውስጥ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለው ተረት ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ቢሮው ገቡ። አገርነሽ የሰማንያ ወረቀቷን በመሐረብ ጠቅልላ ጥግ ላይ ተቀመጠች።

«ለይግባኝ ከሆነ አባቴ፣ ጊዜዎን አያባክኑ» አሉ ጓድ አስማማው።

«ለይግባኝ አልመጣሁም። ውሳኔው ተነቧል፤ ደንበኛዬም ሊፈጽመው ዝግጁ ነው። እኔ የመጣሁት በሕግ እንዲባረር ብዬ ነው።»

ስድስቱ ገጾች ወደ መሳቢያው ተመለሱ። «ይሂዳ እንግዲያ» አሉ ጓድ አስማማው ቅር ብሏቸው።

«በምን ወረቀት? ያለ መውጫ ቪዛ ድንበር የሚሻገር ሰው ከዳተኛ ነው፤ ያሻገረውም ተባባሪ። እርስዎ ራስዎ ባለፈው እሑድ በስብሰባው ላይ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። እጅግ ጥሩ ንግግር ነበር።»

እውነት ነበር፤ ጥሩ ንግግር ነበር። ጓድ አስማማው ንግግራቸውን ያስታወሰ ሰው ስላገኙ ደስ አላቸውና የመውጫ ቪዛው በአስቸኳይ እንዲጀመር አዘዙ።

ለመውጫ ቪዛ የቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ክንዱ አባል ላልሆነ ሰው መሸኛ መስጠት በሕግ የተከለከለ መሆኑን አስታወቁ። ስለዚህ ሳልሕ ሊባረር ይችል ዘንድ የከተማው ነዋሪዎች ማኅበር አባል ሆኖ ተመዘገበ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ መታወቂያም ተሰጠው። በመታወቂያው ላይ «የነዋሪነት ሁኔታ» ለሚለው ጥያቄ «ቋሚ» የሚል ቃል ተጻፈ፤ ጊዜያዊ ነዋሪ መሸኛ አይሰጠውምና። በመታወቂያው ከኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና ያገኝ ጀመር። በአርባ አራት ዓመት ውስጥ ከተማው እንዲህ አድርጎ ተቀብሎት አያውቅም ነበር።

መመሪያው ከወረደ በሃያ ሁለተኛው ቀን የመጨረሻው ቅጽ ደረሰ። ከአዲስ አበባ ታትሞ የመጣ፣ አረንጓዴ መስመር ያለው ቅጽ ነው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፤ ማንኛውም ከአገር የሚወጣ ሰው ጉዳዩን ፈጽሞ ለመመለሱ አንድ ታማኝ ዋስ ይጠራል ይላል።

ጓድ አስማማው ቅጹን ወስደው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉ።

«ይህ ሰው እኮ እንዲመለስ አይደለም የሚሄደው» አሉ ጓድ አስማማው።

«እኔም እንደዚያ አስባለሁ። ቅጹ ግን እንደዚያ አያስብም።»

«ይህን መስመር ብንሰርዘውስ?»

«የታተመ ቅጽ መሰረዝ ምን እንደሚባል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

ጓድ አስማማው ያውቁታል፤ ሁለት ሰው አሳስረውበታል። ምን እናድርግ ብለው ወደ በላይ ጻፉ። በስድስተኛው ቀን «በመመሪያው መሠረት ይፈጸም» የሚል መልስ መጣ። የትኛው መመሪያ እንደ ሆነ አልተገለጸም፤ መግለጽም ሌላ መመሪያ ይፈልጋል። ሁለት ቀን ቀራቸው።

ስለዚህ ጓድ አስማማው ለሳልሕ ዋስ ፍለጋ ራሳቸው ወጡ። ይህ ቀላል ሥራ መስሏቸው ነበር። በዚያ ከተማ ዋስ ሁነኝ የተባለ ሰው እምቢ ካለ ልጁን የሚድርለት አያገኝም። አካሉ የሚባለው ሸማኔ ለአንድ ሌባ ሦስት ጊዜ ዋስ ሆኖ፣ ሌባው ሦስት ጊዜ ጠፍቶበት፣ ሦስቱንም ጊዜ በሌባው ፈንታ ታስሯል። ጓድ አስማማው መጀመሪያ የሄዱት ወደ አካሉ ነበር።

«ሳልሕን? አልችልም ጓድ» አለ አካሉ፣ ከሸማው ቀና ሳይል።

«ለሌባ ዋስ ሆነህ የለም እንዴ?»

«ሌባው ወዴት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። ሳልሕ ግን አባቱ አገር ደርሶ ቢቀርስ? ለሰው ልብ አልዋስም።»

ከዚያ ወደብ ዳር ቀረሶ ዓሣ ወደምትጠብሰው ወደ ባንቺአየሁ ሄዱ። ሳልሕ ፋኖሷን ሃያ ዓመት ሲጠግንላት ኖሯል። በጣም የምወደው ሰው ስለ ሆነ አልፈርምለትም ብላ ዓሣውን ገለበጠች። መሪጌታ ዓምደ ሚካኤልም ነገሩን በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ መዋስ ከመሐላ አይለይም፤ የማላውቀውን ብምል ነፍሴ ትጠየቃለች፤ ነገር ግን ለመንገደኛው እጸልያለሁ አሉ። ምን ብለው እንደሚጸልዩ አልተናገሩም። በሁለት ቀን ውስጥ ጓድ አስማማው አርባ አንድ በር አንኳኩ። አርባ አንድ ሰው እያከበረ፣ ወንበር እየሳበ፣ ጠላ እየቀዳ እምቢ አላቸው።

የመጨረሻው በር የሳልሕ በር ነበር። አገርነሽ የባሏን ሸሚዞች በአንድ ሻንጣ አጥፋ አስቀምጣ ነበር፤ ሻንጣው ግን አልተዘጋም። ለባልሽ አንቺ ፈርሚ አሏት።

«እኔ ያገባሁት ሰው ሂያጅ አልነበረም» አለች። «ስለ መመለሱ ምን አውቃለሁ?» ከዚያ ፊቷን ወደ ሻንጣው መለሰች።

ሠላሳኛው ቀን ጠባ። ታላላቅ ሰዎች በታላላቅ ቀኖች ይታወቃሉ፤ ጓድ አስማማው ጠበቃውንና ባልና ሚስቱን አስጠርተው፣ እኔ ራሴ እዋሰዋለሁ አሉና ብዕራቸውን አወጡ። ሳልሕ ወለሉን ተመለከተ። አገርነሽ የባሏን እጅ ያዘች። ያን ጊዜ በዚያ ክፍል ውስጥ በአንድ ፊርማና በአርባ አራት ዓመት መካከል የነበረው የቀለም ጠብታ ብቻ ነው።

«እግዚአብሔር ይስጥዎት» አሉ ሽማግሌው። «ከመፈረምዎ በፊት ግን የዋሱን ግዴታ ላንብብልዎት፤ ይህ የሙያ ግዴታዬ ነው። ሰውየው ሳይመለስ ቢቀር ዋሱ እንደ አስኮብላይ ተቆጥሮ በፈንታው ይጠየቃል ይላል።»

«ቢመለስስ?»

«ቢመለስማ በአብዮታዊ ውሳኔ የተባረረን ባዕድ ወደ አገር ያስመለሰው ማን ነው ተብሎ ይጠየቃል። እሱ በዚህ ቅጽ ላይ አልተጻፈም፤ በእርስዎ ውሳኔ ላይ ነው የተጻፈው።»

ጓድ አስማማው ብዕሩን ቀስ ብለው ከደኑት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ በላይ የተላከው ሪፖርት እስከ ዛሬ በአርአያነቱ ሊጠቀስ ይገባዋል። «አንድ የውጭ አገር ዜጋ ተለይቶ፣ የማባረሩ ሥራ በተሳካ ሁኔታ በሂደት ላይ ይገኛል» ይላል። መሥሪያ ቤቱ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰው። የጎረቤት አውራጃ ሰባቱን ሰዎች ምን እንዳደረጋቸው ሲጠየቅ ግን ሦስቱ ከመመዝገባቸው በፊት የሞቱ ሆነው ተገኙ።

ሳልሕም «ተባራሪ» የሚል ማዕረግ ይዞ ተቀመጠ። ሊሄድ የተነሣ ሰው ነውና ከእሑድ ስብሰባ፣ ከሰልፍና ከመፈክር ጥናት ነፃ ተደረገ። እሑድ እሑድ ጠዋት ከተማው በፀሐይ ተሰልፎ ሲቆም፣ ተባራሪው ከታንኳዎቹ አጠገብ ቁጭ ብሎ የጀልባ ሞተር ዘይት ይቀባል። ከተማው በሙሉ ቀናበት።

ሁለት ዓመት አለፈ። መመሪያ የሚያስፈጽም ሰው አንድ ቀን ለራሱ መመሪያ ይወጣበታል፤ በጓድ አስማማው ላይም ግምገማ ተጠራ። ሰዎች በመንገድ ሲያገኟቸው ሰላምታ ማሳጠር ጀመሩ። ለሕክምና ውጭ አገር ልሂድ ብለው ቢያመለክቱ የመውጫ ቪዛ ተከለከሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እግራቸው ወደ ሹም አቦ ወሰዳቸው። ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ነበሩ፤ ሳልሕ ራዲዮናቸውን ፈትቶ ይጠግናል፤ አገርነሽም አጠገቡ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች።

ጓድ አስማማው ስለ አየሩ፣ ቀጥሎም ስለ ዓሣው ዋጋ ተናገሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አባቴ፣ ወንዛዬ በተባለው አገር ይኖሩ የነበሩት ቅድመ አያቴ ከሱዳን፣ ከስናር ከነጋዴ ጋር የመጡ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። ነገሩ በደንብ ቢመረመር እኔስ… ባዕድ አልባልም?»

«ሊባል ይችላል።»

«እንግዲያ ብባረርስ?»

«በሕግ?»

«በሕግ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ይህ የሚያስደስት ጉዳይ መሆኑን፣ ነገር ግን ቅጹ አለመቀየሩን፣ ለመመለሳቸው አንድ ታማኝ ዋስ እንደሚያስፈልግ በትሕትና አስረዷቸው።

ሳልሕ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «እኔ አለሁ ጓድ። መታወቂያ አለኝ፤ ቋሚ ነዋሪ ነኝ። ሰው ከአገሩ ወጥቶ ወዴት ይቀራል? እፈርምልዎታለሁ።»

ጓድ አስማማው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ከአርባ አንዱ በር በኋላ እሺ የሚላቸው ሰው ገና ማግኘታቸው ነበር። ከዚያም ወደ ሽማግሌው ጠጋ አሉ።

«ላለመመለሴ የሚዋሰኝ ባገኝ ይሻለኝ ነበር» ብለው አንሾካሾኩ። «እንዲህ ያለ ዋስ አይገኝም ይሆን?»

አገርነሽ እንዝርቷን አቆመች።

«ለእሱስ አይጨነቁ» አለች። «ከተማው በሙሉ ይፈርምልዎታል።»